ልዩ ቦታው፦ ስለ አንድ የጣሊያን ፊልምና ስለ ሶዶ መንገድ

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ እንዲሆን በጥቂቱ ተስተካክሏል)

 

አዘጋጅ ኮሚቴው ሲጋብዘኝ «ከሙያህ የሆነ፣ ግን ሰው የማያስተኛ ነገር አምጣ» ነው ያለኝ። እኔ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ። ከምሳ በኋላ፣ ያውም ከዚያ ሁሉ ክትፎ በኋላ፣ ስለ አስፋልት ውፍረትና ስለ ጠጠር መጠን ባወራ ምን እንደሚሆን በጋንዳባ የመማሪያ ክፍሎች ከሰዓት በኋላ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ስለ ፊልም አወራለሁ። ደስ አይበላችሁ፤ ፊልሙም ስለ መንገድ ነው።

«ኢል ሶርፓሶ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ዲኖ ሪዚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የበጋ ወራት ተቀርጾ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሕዝብ ቀረበ። «ሶርፓሶ» ማለት እኛ «ደርቦ መቅደም» የምንለው ነው። ትራፊክ ፖሊስ በሬዲዮ በየቀኑ የሚለምነን እሱን እንዳናደርግ አይደል? ጣሊያኖቹ ግን የኮሜዲ ፊልም ርዕስ አደረጉት፤ ፊልሙም ከሚወዷቸው ኮሜዲዎች አንዱ ሆነ።

ታሪኩ አጭር ነው። ቀኑ ኦገስት 15 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 9 መሆኑ ነው። ጣሊያኖች «ፌራጎስቶ» ይሉታል። የማርያም ዕርገት በዓላቸውም ነው። እኛ ፍልሰታን በምንጾምበት ሰሞን እነሱ ከተማውን ዘግተው ወደ ባሕር ይፈሳሉ። ሮም ጭር ብላለች፣ ሱቁ ሁሉ ተቆልፏል። ብሩኖ የሚባል የአርባ ዓመት ገደማ ጎልማሳ፣ ጥርሱ የማይከደን፣ ክፍት መኪናውን እያስጮኸ ሲጋራና ስልክ ፍለጋ ይዞራል። አንድ መስኮት ላይ ሮቤርቶ የሚባል የሕግ ተማሪ ያያል። ልጁ በበዓል ቀን ቤት ተቀምጦ ለፈተና ያጠናል። (እንዲህ ዓይነት ተማሪ በእኛም ዶርም ነበር፤ ዛሬ የት እንደደረሰ እዚህ ካሉት መምህራን ጠይቁ።) ብሩኖ ስልክ ልደውል ብሎ ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ልጁን ይዞት ይወጣል። «አንድ ነገር ቀምሰን እንመለሳለን» የተባለው ጉዞ ሁለት ቀን ይፈጃል። ብሩኖን ቪቶርዮ ጋስማን፣ ሮቤርቶን ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ትሬንቲኞ ነው የሚጫወቱት።

እኔን እንደ መሐንዲስ የያዘኝ ግን ቦታው ነው። ከሮም የሚወጡበት መንገድ አውሬሊያ ይባላል። ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የቀየሱት፣ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገድ ነው፤ በዛሬው ቁጥር የመንግሥት መንገድ ቁጥር 1 ነው። የብሩኖ መኪና ደግሞ ላንቻ አውሬሊያ ነች። ላንቻ ኩባንያ በዚያ ዘመን ለመኪኖቹ የጥንት የሮማ መንገዶችን ስም ያወጣላቸው ነበር፤ አፒያ፣ ፍላሚኒያ፣ አውሬሊያ። ስለዚህ በዚህ ፊልም አውሬሊያ በአውሬሊያ ላይ ትነዳለች። አንድ የእኛ ሰው ለመኪናው «ቡታጅራ» የሚል ስም አውጥቶ ቡታጅራን አቋርጦ ወደ ሶዶ ሲወርድ አስቡት።

መነሻው ባልዱዊና ነው። በሮም ሰሜን ምዕራብ ኮረብታ ላይ ያለ፣ በዚያን ጊዜ አዳዲስ አፓርትመንቶች የበቀሉበት ሰፈር ነው። ጣሊያን ከጦርነት ወጥታ ድንገት ገንዘብ ያየችበት ዘመን ነበር፤ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም ማለት ይቻላል። ሪዚ ለዚህ ስቱዲዮ አልሠራም፤ ባዶውን ሰፈር እንዳለ ነው የቀረጸው። ከዚያ መንገዱ በቼርቬቴሪና በታርኲኒያ አቅራቢያ ያልፋል፤ እነዚህ የጥንት ኤትሩስካውያን መቃብሮች ያሉባቸው ቦታዎች ናቸው። ብሩኖ ግን ለመቃብር ፍሬን የሚረግጥ ሰው አይደለም። በሁለቱ መካከል ቺቪታቬኪያ ይመጣል፤ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የራቀ ወደብ። በየመንገዱ ብሩኖ የሚያገኘውን ሁሉ ይቀድማል። ብስክሌት የሚገፋውን እየቀደመ «ቬስፓ ግዛ» ብሎ ያሾፍበታል። መንገድ ዳር የተገለበጠ የጭነት መኪና ሲያጋጥመው እንኳ ሐሳቡ ጭነቱን ወደ መነገድ ይሄዳል። እዚያ ቦታ ላይ ሳቃችን ትንሽ ይጎረብጣል፤ ግን እንስቃለን።

ከዚያ ወደ ገጠር ይታጠፋሉ፤ ሮቤርቶ በልጅነቱ ያደገበት የዘመዶቹ ቤት ጋ። እኔ ከፊልሙ ሁሉ ይህን ክፍል አስበልጣለሁ። ሮቤርቶ ቤቱን እንደ ገነት ነው የሚያስታውሰው፤ አክስቱ ቆንጆ፣ አጎቱ ጨዋ፣ ሁሉም ነገር ሰላም። ብሩኖ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ልጁ በሃያ ዓመት ያላየውን ያያል። የአጎት ልጅ የሚባለው ጠበቃ ቁርጥ የእርሻውን ኃላፊ ይመስላል! ሮቤርቶ ሲነገረው ይደነግጣል፤ ዞር ብሎ ሲያይ ግን እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ያ ቤት የልጅነቱ ቤት አይሆንለትም። ከሩቅ ለበዓል የመጣችሁ ይህን ሳልተረጉምላችሁ ትረዱታላችሁ። እንግዳ ጓደኛችሁን ይዛችሁ ቤት ገብታችሁ፣ እሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለ ቤተሰባችሁ የሚጠይቀው ጥያቄ እናንተን ላብ ያስጠመቀበት ቀን የለም?

በመጨረሻ ካስቲሊዮንቼሎ ይደርሳሉ። ከሊቮርኖ ከተማ በስተ ደቡብ ያለ የባሕር መዝናኛ ነው፤ የባሕር ዳርቻው ትዕይንት እዚያው የተቀረጸ ነው። የብሩኖ የተለየችው ሚስቱና ልጁ ሊሊ እዚያ ናቸው። ሁሉን የሚቀድመው ሰውዬ የገዛ ልጁ ሲያድግ አላየም። ልጅቱ በዕድሜ አባቷን የሚበልጥ ባለጸጋ ልታገባ ነው። ሮቤርቶ ግን በማግስቱ በሕይወቱ እንደዚህ ደስ ብሎት አያውቅም። ከካስቲሊዮንቼሎ ተነሥተው ወደ ሰሜን ሲሄዱ አሁን «ፍጠን፣ ቅደም!» የሚለው እሱ ነው፤ ያ በመስኮት ተደብቆ ያጠና የነበረው ልጅ።

መንገዱ እዚያ ጋ ከገደል ላይ ተለጥፏል። በግራ ባሕር፣ በቀኝ ቋጥኝ። ቦታው ካላፉሪያ ይባላል፤ የጥንት የጥበቃ ግንብ አጠገቡ ቆሟል። ኩርባው ላይ ደርበው ሊቀድሙ ሲሉ ከፊት የጭነት መኪና ይመጣል። ብሩኖ ተስፈንጥሮ ይተርፋል፤ ሮቤርቶ ከመኪናዋ ጋር ወደ ገደሉ ይወርዳል። ትራፊክ ፖሊሱ የሟቹን ስም ይጠይቃል። ብሩኖ ሮቤርቶ ይለዋል። የአባቱን ስም ግን አያውቀውም፤ የተዋወቁት በትናንትናው ጠዋት ነው።

ፊልሙ እዚያ ላይ ያበቃል። ከመቶ ደቂቃ በላይ ስትስቁ ቆይታችሁ ነው እንግዲህ።

ፕሮዲዩሰሩ ይህን መጨረሻ አልወደደውም ነበር ይባላል፤ ኮሜዲ ብሎ ገንዘብ ያወጣ ሰው በሬሳ እንዲያልቅ አይፈልግም፤ አይፈረድበትም። እንደሚወራው ነገሩ ውርርድ ላይ ደረሰ፤ በማግስቱ ዝናብ ከዘነበ ቀረጻው ይቅርና ሁለቱ እየሳቁ በዚያው ይሂዱ፣ ፀሐይ ከወጣ ግን ገደሉ ይቀረጽ ተባለ። ፀሐይ ወጣ።

አሁን ትንሽ ሙያዬን ታገሱኝ። ደርቦ መቅደም ስንት ሜትር ይፈልጋል? የጭነት መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል፣ እናንተ በ80። ልዩነታችሁ በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ከኋላው ሃያ አምስት ሜትር ርቃችሁ ጀምራችሁ፣ ርዝመቱን አልፋችሁ፣ ከፊቱ ሃያ አምስት ሜትር ላይ እስክትገቡ ስልሳ ሜትር ያህል ልትበልጡት ይገባል፤ ይህም አሥራ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። በአሥራ አንድ ሰከንድ እናንተ 240 ሜትር ትሄዳላችሁ። ከፊት የሚመጣውም በ80 ከሆነ 240 ሜትር ይመጣል። ድምሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊደርስ ምንም አልቀረው። ግማሽ ኪሎ ሜትር ጥርት ያለ እይታ! ካላፉሪያ ላይ ይህ የለም። ከሆሳዕና ወደ አረካ ሲወረድም በብዙ ቦታ የለም። ነጩ መስመር ያልተቆራረጠው መሐንዲሱ ቀለም ተርፎት አይደለም።

ጋስማን ያንን ሁሉ በሳቅ ያሳልፈዋል። ሪዚ ብልጥ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደርቦ በቀደመ ቁጥር ያስቀናናል እንጂ አያስፈራንም፤ ጡሩምባው ራሱ ዘፈን ነው። እኛም ያንን ጡሩምባ እናውቀዋለን። በበዓል ሰሞን ቅጥቅጡ፣ ዶልፊኑ፣ አባዱላው እየተጣራ ሲያልፍ ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ ሾፌሩን «እሱንማ እለፈው!» አይልም? እኔ ራሴ ሰምቻለሁ፤ ያሉትም የተማሩ ሰዎች ናቸው።

ጋቢና አልኩ። ይህም ቃል የጣሊያን ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፖርቶመጋላ፣ ጎሚስታ፤ አምስት ዓመት ወርረውን የተዉልን የቃላት ጋራዥ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና ለብዙ ዘመን ታክሲ ሆና የኖረችው ሴይቼንቶም የዚያው የጣሊያን የብልጽግና ዘመን ልጅ ነች፤ ፊያት 600 እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣች። ስለዚህ ይህን ፊልም ስናይ ግማሹን መዝገበ ቃላት ይዘን ነው የምንገባው። «ሶርፓሶ» የሚለው ብቻ በአማርኛችን አልተለመደም፤ ለእሱ የራሳችን ቃል ነበረን።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላንሣ። በእኛም አገር የውጭ ሰዎች ፊልም ቀርጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአሜሪካኖቹ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በከፊል እዚህ ነው የተቀረጸው። ጣሊያናዊው ፓዞሊኒም እ.ኤ.አ. በ1974 ለወጣው የሺህ አንድ ሌሊት ፊልሙ ከየመንና ከኢራን፣ ከኔፓልም ጋር እኛን ጨምሮናል። ግን ፓዞሊኒ ዘንድ አገራችን ልብስ ነች፤ ተረት ትለብሳታለች። ተመልካቹ ቦታው የት እንደሆነ ሳያውቅ ይወጣል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ሲሸለም ነገሩ ሌላ ነበር፤ ሰውየው ከጀርመን ተመልሶ ወደ እናቱ መንደር ሲገባ መንደሩ መንደር ነው፣ ሰዉም የራሱን ቋንቋ ያወራል። በሪዚ ፊልምም ካስቲሊዮንቼሎ ካስቲሊዮንቼሎ ነው። የቦታው ሰው ራሱን ያያል፣ ልጁን ያሳያል፤ ካላፉሪያን ለማየት ብለው የሚሄዱ የፊልም ወዳጆች ዛሬም አሉ።

የእኛ መንገድስ? የሶዶን መንገድ በስሙ ጠርቶ፣ በላዩ ላይ ሰው አስቆ የሚያውቅ ፊልም ስንቶቻችሁ አይታችኋል? እጅ አልቆጥርም።

እስቲ መንገዱን አብረን እንሂደው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ፣ በወራቤና በሆሳዕና ከመጣን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብሩኖና ሮቤርቶ ከሄዱት ጋር ተቀራራቢ ነው። ከቡታጅራ በፊት ጢያ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች። ስንቶቻችን ነን በዚያ በኩል ስንመላለስ ወርደን ያየናቸው? ለኤትሩስካውያን መቃብር ያልቆመውን ብሩኖን የምንወቅስበት አፍ የለንም። ሆሳዕናን አልፎ እንሰቱ እየጠቆረ፣ ቤቶቹ እየተቀራረቡ፣ መንገዱ ዳር የሚሄደው ሰው እየበዛ ይመጣል። መሐንዲስ እግረኛ ሲቆጥር በአገራችን እንደዚህ ብዙ የሚቆጥርበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ወላይታ ሰው የሰፈረባት ምድር ናት። አረካ ላይ ገበያው መንገዱን ይይዘዋል። በዚያ በኩል ገባ ቢባል የአጆራ መንታ ፏፏቴ አለ። ከዚያ ዳሞታ ይታያል። ዳሞታ ሲታይ መኪና ውስጥ ያለው ወሬ የሚቀየር መሆኑን አስተውላችኋል? እስከዚያ ድረስ ስለ ዶላርና ስለ ቤት ኪራይ ሲያወራ የነበረ ሰው በወላይትኛ እናቱ ጋ ይደውላል።

በሌላው በኩል ከመጣን ደግሞ በሻሸመኔ፣ በአላባ ቁሊቶ ነው። በሀላባ ገጠር ግድግዳቸው በሥዕል ያጌጠ ቤቶች አሉ፤ አንድ የካሜራ ሰው እዚያ ሳይወርድ ካለፈ ሥራ ይቀይር። ቢላቴን ተሻግረን፣ ቦዲቲን አልፈን ዳሞታን በሌላ ጎኑ እናገኘዋለን። ጉዞው እንዲረዝም የፈለገ ከሶዶ አልፎ ወደ አርባ ምንጭ፣ ሁምቦ ጠበላ ላይ ይወርዳል፤ አባያ ሐይቅ በግራ ይገለጣል። ወደ ምዕራብ ከሄደ ደግሞ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ ሦስት ግድብ ቆሟል። ይህን ሁሉ ቱሪዝም ቢሮ ይንገራችሁ፤ እኔ የምፈልገው ሰውየውን ነው።

ምክንያቱም የእኛ ፌራጎስቶ ጊፋታ ነው። በመስከረም አዲስ አበባ ላይ ጫማ የሚጠርገው፣ ሎተሪ የሚያዞረው፣ ኮንስትራክሽን ላይ የሚውለው፣ ባንክ ውስጥ የሚሠራው፣ ሆስፒታል የሚያክመው፣ ሁሉም ወደዚህ ይመለሳል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ለበሬው ቆጥበዋል፣ ሴቶቹ ለቅቤው። መናኸሪያው አይበቃም። ታሪፍ ሲጠራ ጸብ ይነሣል። አንዱ አዲስ ሱሪ ለብሷል፣ አንዱ ፍራሽ ፖርቶመጋላ ላይ ጭኗል። አንድ መኪና ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህርና ሎተሪ አዟሪ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ልጁ በገንዘብም በወሬም መምህሩን ይበልጠው ይሆናል። ሪዚ ይህንን ቢያገኝ ኖሮ ባልዱዊናን ይተዋት ነበር። ኮሜዲው ተዘጋጅቶ በየዓመቱ ይወርዳል፤ ካሜራ ብቻ ነው የጎደለው። የዘመድ ቤቱም ትዕይንት አለ። ከአዲስ አበባ ይዛችሁት የመጣችሁት ጓደኛ ሙቹዋውን በዳጣ እየበላ፣ እንባው እየወረደ፣ «ያ ጥግ ላይ ያሉት ሽማግሌ ለምንድን ነው ከአባትህ ጋር የማይነጋገሩት?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እናንተ ደግሞ ጥያቄውን ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ትሰሙታላችሁ።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር፤ ሳልናገር ብወርድ ግማሹን ነው የተናገርኩት።

በሥራዬ የአደጋ ሪፖርት አነባለሁ። ሁላችሁም በሬዲዮ የምትሰሙት አነጋገር አለ፤ «በእንዲህ ወረዳ፣ በእንዲህ ቀበሌ፣ ልዩ ቦታው እንዲህ ተብሎ በሚጠራው አካባቢ»። ያ «ልዩ ቦታው» የሚለው ነገር ያስደንቀኛል። ካርታ ላይ የሌለ ስም ነው። የአንድ ዛፍ፣ የአንድ ወፍጮ፣ የአንድ ድልድይ፣ ድሮ ሱቅ የነበረው ሰው ስም ነው። አካባቢው ያንን ስም ስንት ትውልድ ሲጠራው ኖሮ በአገር አቀፍ ሬዲዮ የሚነገረው አንድ ቀን ነው፤ ሰው የሞተበት ቀን። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 በሲዳማ፣ በቦና፣ ሠርገኞች የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከስልሳ በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በፊት የዚያን ድልድይ ስም ከአካባቢው ሰው በቀር ማን ያውቀው ነበር? ሠርገኞች ነበሩ። እየዘፈኑ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሠርገኛ ሁልጊዜ ይዘፍናል።

የሶዶም መንገድ እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ድረስ ያሉትን ልዩ ቦታዎች በስም የማውቃቸው አብዛኞቹን ከሪፖርት ነው። ጣሊያኖች ካላፉሪያን የሚያውቁት በአደጋ ነው፤ ግን ከአደጋው በፊት እየሳቁ በመንገዱ ሁሉ ስለሄዱ፣ ልጁንም ስለወደዱት፣ ቦታው ላይ ሲደርሱ የሚሞተው ሰው የእነሱ ነው። እኛ በሬዲዮ ስንሰማ ቁጥር ነው የምንሰማው። ሪዚ በመጀመሪያው ሰዓት ተኩል ያስቀን ከንቱ አይደለም፤ ያንን ልጅ እንድናውቀው ጊዜ እየገዛ ነው።

ስሙንም አስቡት። ለጣሊያን ተመልካች የብሩኖ መልስ የሚያመው የቤተሰብ ስም ስላላወቀ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ይብሳል፤ የአባቱን ስም ያላወቅኸው ሰው ገና አላወቅኸውም። በበዓል ሰሞን ከመናኸሪያ ውጪ፣ ከመንገድ ዳር የሚሳፈር ሰው በየትኛው ዝርዝር ላይ ነው ያለው? በመናኸሪያ የተቆረጠ ትኬት ቢያንስ ስም አለው። ከመንገድ የተነሣው ግን ዳቦውን ከአጠገቡ ካለው ጋር ተካፍሎ በልቶ፣ ስለ ልጆቹ አውርቶ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ሳይቀር ተናግሮ፣ ስሙን ሳይናገር ሊሞት ይችላል። ፖሊስ ከነአባቱ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ የለም። ዘመድ ኦቶና ሆስፒታል በር ላይ ከሰው ሰው እየጠየቀ ይውላል። እዚህ ኦቶና ያገለገላችሁ ሐኪሞች ይህንን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ እናንተ ፊት ላስረዳ አልደፍርም።

ለዚህ ነው ይህን ንግግር የፊልም ወሬ ብቻ አድርጌ ያልተውኩት። ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ ሁለቱም ትንንሽ ናቸው።

አንደኛው ለእናንተ፣ ካሜራም ብዕርም ለያዛችሁ። ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. ሲመሠረት ሶዶ የዞን ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የክልል መቀመጫ ናት፤ መንገዱም በዚያው ልክ ተጨናንቋል። በሚቀጥለው ጊፋታ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መናኸሪያ ተነሥቶ እስከዚህ ድረስ ያለውን ጉዞ ይቅረጸው። ተዋናይ አያስፈልገውም፣ ጋቢና ይቀመጥ። ቦታዎቹን በስማቸው ይጥራቸው። ደብዛዛ ቢሆን ግድ የለም፤ ሪዚም በጥቁርና ነጭ ነው የሠራው። ሽማግሌዎቹ ሳሉ የልዩ ቦታዎቹን ስም ከነምክንያቱ እየጠየቀ ይመዝግብ። ያ ዛፍ ለምን በሰው ስም ተጠራ? ያ ኩርባስ? እኔ በበኩሌ በመንገድ ሥራ ፋይል ውስጥ ያሉኝን የኩርባና የድልድይ ስሞች ለሲቪል ምህንድስና ትምህርት ክፍል አስረክባለሁ፤ ተማሪዎች ቢያርሙት ደስ ይለኛል፤ የአካባቢውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍን ስናበላሸው ኖረናልና።

ሁለተኛው ለሁላችንም፣ ነገ ማለዳ ለምትመለሱ። ማኅበሩ የተመላሾችን ስም ዝርዝር በር ላይ ያስቀምጣል፤ በየትኛው መኪና፣ በየትኛው መንገድ እንደምትሄዱ ጻፉ። ስማችሁን ከነአባት ጻፉ፤ የሚደወልለት ሰው ስልክም ጨምሩ። አውቃለሁ፣ እንደ አንደኛ ዓመት ተማሪ መዝገብ ላይ መፈረም ያሳፍራል። ሾፌሩ ኩርባ ላይ ደርቦ ሊቀድም ሲል ደግሞ ተሳፋሪው ዝም እንዳይል። ያንን አሥራ አንድ ሰከንድ ቁጠሩለት።

ፊልሙን ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ እዚሁ አዳራሽ እናሳያለን። የግርጌ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጣሊያንኛው ግን «ማኪና» ሲል ሁላችሁም ትሰሙታላችሁ። ወንበር አይበቃም ይሆናል፣ ቀደም ብላችሁ ኑ። ልጆች የያዛችሁም ኑ፤ መጨረሻው ላይ ግን አጠገባቸው ሁኑ።